ካሎሪ፦ ረሃብን ለመለካት ወደ ማዕድ የገባው ቁጥር እንዴት የውፍረት ሚዛን ሆነ?



«በቀን ስንት ካሎሪ ያስፈልገኛል?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ ከተማሪ እስከ አራስ እናት፣ ከአዲስ አበባ እስከ ጂዳና ዱባይ ይጠየቃል። ስልካችንን ስንከፍት አንዱ «1,200 ብቻ ብላ» ይላል፤ ሌላው «800 በቂ ነው፣ በወር 10 ኪሎ ትቀንሳለህ» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ካሎሪ ውሸት ነው» ብሎ የሚሸጠውን የማክሻ ሻይ ያስተዋውቃል። ቁጥሩን የሚጠራው ሰው ብዙ ነው። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደቆጠረውና ለምን እንደተቆጠረ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው።

ካሎሪን ወደ ሰው ማዕድ ያመጡት ሳይንቲስቶች ሰውን ለማክሳት አላሰቡም። የእነሱ ጥያቄ «ድሃ ሠራተኛ በትንሽ ደመወዝ እንዴት ጠግቦ ይሥራ?» የሚል ነበር። ያ ቁጥር እንዴት ዞሮ የውፍረት መቆጣጠሪያ እንደሆነ ካወቅን፣ የቱ ላይ እንደምንተማመንበትና የቱ ላይ እንደምንጠነቀቅ እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ የ400 ዓመቱን ጉዞ አብረን እንቃኝ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

◾ ከቁጥሩ በፊት

የጥንት ሐኪሞች ምግብን በቁጥር አይለኩትም ነበር፤ በባሕርይው ነበር የሚመድቡት። አንዱ ምግብ «ሙቅ» ሌላው «ቀዝቃዛ»፣ አንዱ «ደረቅ» ሌላው «እርጥብ» ይባል ነበር። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የባግዳዱ ክርስቲያን ሐኪም ኢብን ቡጥላን «ተቅዊም አስ-ሲሓ» በተሰኘ መጽሐፉ ምግቦችን በሠንጠረዥ አስቀምጦ የእያንዳንዱን ጥቅምና ጉዳት ለአንባቢ አቅርቧል። መጽሐፉ ኋላ ወደ ላቲን ተተርጉሞ አውሮፓ ውስጥ በሰፊው ተነቧል። ዛሬ በምግብ ማሸጊያ ጀርባ ላይ ለምናየው ሠንጠረዥ እንደ ሩቅ አያት ሊቆጠር ይችላል።

ኢብን ቡጥላንና የዘመኑ ሐኪሞች ጤናን በስድስት ነገሮች ያስሩት ነበር፦ በአየር፣ በምግብና መጠጥ፣ በእንቅስቃሴና ዕረፍት፣ በእንቅልፍና ንቃት፣ ከሰውነት በሚወጣና በሚቀር ነገር፣ እንዲሁም በስሜት። ከእነዚህ ስድስቱ ምግብ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ወደዚህ ነገር መጨረሻ ላይ እንመለሳለን።

የኢብን ሲና «አል-ቃኑን» ደግሞ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ በአውሮፓ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሲሰጥ ኖሯል። መጽሐፉን በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ ካስተማሩት አንዱ ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ (1561–1636) ነው። በ1625ም በአል-ቃኑን የመጀመሪያ ክፍል ላይ ማብራሪያ አሳትሟል። የክብደት ታሪክ በቁጥር የሚጀምረው ከዚህ ሰው ነው።

◾ ሚዛን ላይ የኖረው ሐኪም

ሳንቶሪዮ ከትልቅ ሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ሠራ። እዚያ ወንበር ላይ ይበላል፤ ከመብላቱ በፊትና በኋላ ይመዘናል። የበላውንና የጠጣውን ይመዝናል፤ ከሰውነቱ የወጣውንም ይመዝናል። ለብዙ ዓመታት እንዲህ ሲያደርግ ቆይቶ ውጤቱን በ1614 አሳተመ።

ያገኘው ነገር አስገረመው። በቀን ስምንት ፓውንድ ምግብና መጠጥ ከገባ፣ አምስት ፓውንድ ያህሉ በሽንትም በሰገራም ሳይወጣ ይጠፋል። ክብደቱ ግን አይጨምርም። የጠፋው የት ሄደ? ሳንቶሪዮ «በማይታይ ላብ መልክ ይተናል» አለ። ከፊሉ እውነት ነበር፤ ውኃ በቆዳችንና በትንፋሻችን ይወጣል። በትንፋሽ የሚወጣው ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ኬሚስትሪ እስኪወለድ ወደ 170 ዓመት ገደማ መጠበቅ ግድ ሆነ።

◾ ሰውነት እንደሚነድ ሻማ

በ1780ዎቹ መጀመሪያ ፈረንሳዊው ኬሚስት አንትዋን ላቯዚዬ ከሒሳብ ሊቁ ላፕላስ ጋር ሆኖ አንዲት ጊኒ ፒግ የምትባል ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠ። ከእንስሳዋ ገላ የሚወጣው ሙቀት በረዶውን ያቀልጠዋል። የቀለጠውን ውኃ በመመዘን እንስሳዋ ምን ያህል ሙቀት እንደሰጠች ማወቅ ተቻለ። ከዚያ የወጣውን ሙቀት ከተነፈሰችው አየር ጋር አነጻጸሩት። ድምዳሜያቸው መተንፈስ ዘገም ያለ መቃጠል ነው የሚል ሆነ። ሻማ ሲነድ ኦክስጅን እንደሚወስድና ሙቀት እንደሚሰጥ፣ እኛም የበላነውን ከምንስበው ኦክስጅን ጋር አዋሕደን ሙቀትና ኃይል እናወጣለን።

በኋላም ላቯዚዬ ከረዳቱ ሴጌን ጋር በሰው ላይ ሞከረው። ሰው ሲሠራ፣ ሲበርደውና ምግብ ከበላ በኋላ የሚጠቀመው ኦክስጅን እንደሚጨምር አዩ። ዛሬ «የቀን የኃይል ፍላጎት» የምንለው ነገር ዋና ዋና ክፍሎች እዚያ ላይ ይታያሉ፦ ሰውነት ዝም ብሎ ለመኖር የሚያወጣው፣ ምግብ ለመፍጨት የሚያወጣው፣ ለእንቅስቃሴ የሚያወጣው። ላቯዚዬ ግን ሥራውን አልጨረሰም። ለንጉሡ መንግሥት ግብር በሚሰበስበው ድርጅት ውስጥ ድርሻ ስለነበረው በአብዮቱ ዘመን ተከሶ ግንቦት 8 ቀን 1794 አንገቱን ተቀላ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናስበው ነገር አለ። ሰው ሲከሳ ስቡ የት ይሄዳል? ብንባል አብዛኞቻችን «በላብ» ወይም «በሽንት ቤት» እንላለን። እውነቱ ግን አብዛኛው የሚወጣው በትንፋሽ ነው። ስቡ ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይሆናል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እናስወጣዋለን። የሳንቶሪዮ የጠፋ ክብደት እንቆቅልሽ አንዱ መልስ ይህ ነው። ፕላስቲክ ለብሶ ላብ በማላብም ሆነ በሚያስቀምጥ ሻይ የሚቀንሰው ክብደት ውኃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል።

◾ ሰው የገባበት ሣጥን

«ካሎሪ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የሞተር ሰዎች ቃል ነበር። ፈረንሳዊው ኒኮላ ክሌማን በ1820ዎቹ አካባቢ ስለ እንፋሎት ሞተር ሲያስተምር ተጠቅሞበታል። ትርጉሙም የአንድ ኪሎ ውኃን ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ የሚያደርግ የሙቀት መጠን ነው። በምግብ ማሸጊያ ላይ «ኪሎ ካሎሪ» ተብሎ የሚጻፈው ይኸው ነው፤ በአነጋገር ግን «ኪሎ» የሚለውን ትተን ካሎሪ እንለዋለን። እኛም በዚህ ጽሑፍ እንደዚያው እንጠቀማለን።

ቃሉን ከሞተር ወደ ምግብ ካመጡት አንዱ አሜሪካዊው ኬሚስት ዊልበር አትዋተር (1844–1907) ነው። አትዋተር በጀርመን አገር፣ የሥነ ምግብ ሳይንስ በተወለደበት፣ ተምሮ ተመለሰ። በዚያው ዘመን ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር ቅባት፣ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በሚሰጡት ኃይል መጠን አንዱ ሌላውን ሊተካ እንደሚችል አሳይቶ ነበር።

አትዋተር በ1890ዎቹ ኮነቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ከፊዚክስ ሊቁ ኤድዋርድ ሮዛ ጋር ሆኖ ሰው የሚገባበት ጠባብ ክፍል ሠራ። ውስጡ አልጋ፣ ወንበርና ጠረጴዛ አለው። አንድ ሰው ለቀናት ይገባበታል፤ ምግቡ በትንሽ መስኮት ይሰጠዋል፤ ይተኛል፣ ያነባል፣ ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት ይመታል። በግድግዳው ዙሪያ በቧንቧ የሚሄድ ውኃ ከሰውየው የሚወጣውን ሙቀት ይሸከማል፤ የሚተነፍሰው አየርም ይመረመራል። የገባው ምግብና የወጣው ሙቀት ሲነጻጸር ሊባል በሚችል ደረጃ እኩል ሆነ። ኃይል እንደማይጠፋና ከምንም እንደማይፈጠር የሚናገረው የፊዚክስ ሕግ በሰው ገላ ላይም ጸና።

እስከ ዛሬ የምንሠራባቸው ቁጥሮች ከዚያ የመጡ ናቸው፦ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት 4፣ አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ። አልኮል ደግሞ 7 ገደማ። የመጨረሻው ቁጥር አትዋተርን መከራ አሳይቶታል። አልኮል በሰውነት ውስጥ እንደ ነዳጅ ይቃጠላል ብሎ ሲያሳትም መጠጥ ይከልከል የሚሉት ወገኖች ተነሡበት፤ መጠጥ ሻጮቹ ደግሞ ግኝቱን ማስታወቂያ አደረጉት። እዚያው ላይ አንድ ቁም ነገር ታይቷል። አንድ ነገር ካሎሪ አለው ማለት ይጠቅማል ማለት አይደለም።

የአትዋተር ዋና ጭንቀት የሠራተኛው ኪስ ነበር። በአንድ ሳንቲም ብዙ ኃይል የሚገኝበትን ምግብ ሲፈልግ ባቄላ፣ ዱቄትና የረከሰ ሥጋ ጥሩ ሆነው አገኛቸው። ጎመንና ፍራፍሬ ግን ካሎሪያቸው ትንሽ ስለሆነ ለድሃ ቅንጦት መስለው ታዩት። ቫይታሚን ገና አልታወቀም ነበርና። በጊዜው ከነበሩት ሊቃውንት አንዱ እንኳ ቁጥሩን ብቻ ሲያይ ጎመንን ናቀ። ይህን ማስታወስ ዛሬም ለእኛ ይጠቅማል።

◾ ከድሃ ማዕድ ወደ ቀጭንነት

ለመክሳት መጾም ወይም ምግብ መምረጥ ከካሎሪ በፊትም ነበር። በ1863 ዊልያም ባንቲንግ የተባለ የለንደን የቀብር ዕቃ አዘጋጅ ዳቦ፣ ስኳርና ድንች ቀንሶ እንዴት እንደከሳ የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከመወደዱ የተነሣ የሰውየው ስም ራሱ በእንግሊዝኛ «ለመክሳት መመገብ» የሚል ትርጉም አገኘ። ባንቲንግ ግን ምግብ መረጠ እንጂ ካሎሪ አልቆጠረም።

መቁጠርን ወደ ቤት ያስገባችው የካሊፎርኒያዋ ሐኪም ሉሉ ሀንት ፒተርስ ናት። በ1918 ባሳተመችው መጽሐፍ ለአንባቢዎቿ ከእንግዲህ ምግብን በቁራሽና በጭልፋ ሳይሆን በካሎሪ አስቡት አለቻቸው። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነበር። አሜሪካ ለወታደሮቿና በረሃብ ላይ ላለው የአውሮፓ ሕዝብ እህል ትልክ ስለነበር፣ ፒተርስ ቀንሶ መብላትን ከአገር ፍቅር ጋር አያያዘችው። ጦርነቱ አለቀ፤ መጽሐፏ ግን በ1920ዎቹም በብዛት ከሚሸጡት ተርታ ቆየ። ረሃብን ለመመከት የተቆጠረው ቁጥር የጠገበ ሰው ራሱን የሚከስስበት ቁጥር ሆነ።

ቁጥሩ ገበያ ሲገባ አቋራጭ የሚሸጡም ተከተሉ። በ1933 የአሜሪካ ተመራማሪዎች ዳይናይትሮፌኖል የሚባል ኬሚካል ሰውነት ኃይል በፍጥነት እንዲያቃጥል እንደሚያደርግ አሳተሙ። በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100,000 ያህል ሰዎች እንደወሰዱት ይገመታል። ሰዎቹ በእርግጥ ከሱ። ግን የአንዳንዶቹ ሰውነት በትኩሳት ነዶ ሞቱ፤ ሌሎች ዓይናቸው በሞራ ተጋርዶ ታወሩ። በ1938 በወጣው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ሕግ ምክንያት ከገበያ ወጣ። ዛሬም ግን በኢንተርኔት ተደብቆ ይሸጣል፤ ዛሬም ይገድላል። ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት «የማክሻ» እንክብል ሲቀርብልን ይህን ታሪክ እናስብ።

◾ ለመራብ የፈቀዱት 36 ወጣቶች

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ደጋግመን ልናነበው የሚገባው ይህኛው ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያልቅ ሲቃረብ በአውሮፓ ሚሊዮኖች ተርበው ነበር። የተራበን ሰው እንዴት ቀስ ብሎ መመለስ እንደሚቻል የሚያውቅ አልነበረም። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በኅዳር 1944 ጥናት ጀመረ። በእምነታቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ 36 ጤነኛ ወጣቶች ፈቅደው ገቡ።

መጀመሪያ ለ12 ሳምንት በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል በሉ። ቀጥሎ ለ24 ሳምንት ወደ 1,570 ገደማ ተቀነሰባቸው። በሳምንት 22 ማይል፣ ማለትም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይራመዱም ነበር። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ልብ በሉ፦ ያን ሁሉ ያደረሰባቸው 1,570 ዛሬ በየስልኩ «ለመክሳት ብላ» ከሚባለው 800 እና 1,000 በእጅጉ ይበልጣል።

የደረሰባቸው በሥጋቸው ላይ ብቻ አልነበረም። በሞቃት ቀን ይበርዳቸው ነበር፤ የልባቸው ምት ዘገመ፤ ፀጉራቸው ሳሳ። ተነጫናጭና ብቸኛ ሆኑ። ስለ ምግብ ብቻ ያስባሉ፤ የማብሰያ መጻሕፍት ይሰበስባሉ፤ ሳህን ይልሳሉ። ሰውነታቸውም ኃይል መቆጠብ ጀመረ፤ ዝም ብለው ሲተኙ የሚያቃጥሉት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። ከፊሉ ገላቸው ስላነሰ ነው፤ ከፊሉ ግን ሰውነት ራሱ ወጪውን ስለቀነሰ ነው። እንደገና እንደልብ ብሉ ሲባሉ ደግሞ የሚያጠግባቸው ጠፋ፤ ብዙዎቹ ከመጀመሪያው የበለጠ ስብ ይዘው ተመለሱ።

አንዲት እህት በሁለት ወር 15 ኪሎ ቀንሳ በስድስት ወር 18 ኪሎ ስትጨምር «ትዕግሥት የላትም፣ ሆዳም ናት» የምንል ብዙዎች ነን። ሚኒሶታ ላይ የነበሩት ግን ፈቃደ ጠንካራ ተብለው የተመረጡ ወጣቶች ነበሩ። በእነሱም ላይ የደረሰው ያው ነው። ሰውነት ረሃብን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋል። ይህ የባሕርይ ጉድለት ሳይሆን ሰውን በድርቅና በችጋር ዘመን ያቆየው መከላከያ ነው።

◾ የምንጠቀምባቸው ቀመሮች ከየት መጡ?

በ1919 ሃሪስና ቤኔዲክት የተባሉ ተመራማሪዎች ቦስተን ከሚገኝ የሥነ ምግብ ቤተ ሙከራ በተገኘ የ136 ወንዶችና የ103 ሴቶች ልኬት ላይ ተመሥርተው ሰው ተኝቶ የሚያቃጥለውን ካሎሪ የሚገምት ቀመር አወጡ። በ1990 የተሻለ ቀመር መጣ፤ የሚፍሊንና ሴንት ጆር ቀመር ይባላል። እንዲህ ነው፦ ክብደት በኪሎ በ10 ይባዛል፤ ቁመት በሴንቲ ሜትር በ6.25 ተባዝቶ ይደመርበታል፤ ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነስበታል። ከዚያ ለወንድ 5 ይደመራል፣ ለሴት 161 ይቀነሳል።

በምሳሌ እንየው። የ35 ዓመት፣ 70 ኪሎ የምትመዝን፣ 160 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም እህት፦ 700 ሲደመር 1,000፣ ሲቀነስ 175፣ ሲቀነስ 161፣ እኩል ይሆናል 1,364 ካሎሪ። ይህ ቀኑን ሙሉ ተኝታ ብትውል እንኳ ልቧ፣ አንጎሏ፣ ጉበቷና ኩላሊቷ የሚፈልጉት ነው። ቀላል እንቅስቃሴ ካላት በ1.4 ስናባዛው ወደ 1,910 ይደርሳል። ያለችበትን ክብደት የሚያስጠብቃት ግምት ይህ ነው። «800 ብዪ» ያላት ሰው ልቧና አንጎሏ ተኝታ ከሚፈልጉት በታች እንድትበላ እያዘዛት ነው። ምታጠባ ከሆነ ደግሞ በቀን ከ300 እስከ 500 የሚደርስ ተጨማሪ ያስፈልጋታል።

«በቀን 2,000 ካሎሪ» የሚለውስ? በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት በምግብ ማሸጊያ ላይ አንድ ማነጻጸሪያ ቁጥር ሲፈልግ ሰዎች እንበላለን ያሉትን መነሻ አድርጎ አማካዩን 2,350 አገኘ፤ ከውይይት በኋላ ለስሌት እንዲመች ወደ 2,000 ዝቅ አደረገው። ለማሸጊያ የተመረጠ ድፍን ቁጥር ነው፤ ለማንም የታዘዘ መጠን አይደለም።

ሌላው «7,700 ካሎሪ ስትቀንስ አንድ ኪሎ ትከሳለህ» የሚለው ነው። መነሻው አሜሪካዊው ሐኪም ማክስ ዊሽኖፍስኪ በ1958 ያወጣው ስሌት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቀራረባል፤ በወራት ግን ይስታል። ምክንያቱን ከሚኒሶታ አይተናል፦ ሰውነት ሲያንስ ወጪውም ያንሳል። ሚዛኑ ቆመ ብሎ ተስፋ መቁረጥ የሚመጣው ይህን ካለማወቅ ነው።

◾ ያሰብነውን ያረሙ አዳዲስ ጥናቶች

ሰውን በሣጥን ሳይዘጉ በዕለት ኑሮው ውስጥ የሚያቃጥለውን ለመለካት የሚያስችል ዘዴ በ1955 ናታን ሊፍሰን አወጣ፤ በ1982 በሰው ላይ ዋለ። ሰውየው ከበድ ያሉ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን አተሞች ያሉበት ውኃ ይጠጣል፤ ከዚያ ሽንቱ በየጊዜው ይመረመራል። በዚህ ዘዴ ሦስት ነገሮች ግልጽ ሆኑ።

አንደኛ፣ የበላነውን አናውቀውም። በ1992 በታተመ ጥናት «የምበላው ትንሽ ነው፣ ግን አልከሳም» የሚሉ ሰዎች ሲለኩ የበሉትን በግማሽ ገደማ አሳንሰው ሲናገሩ፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በግማሽ ያህል አብዝተው ነበር የተናገሩት። አልዋሹም፤ የሰው ግምት እንዲህ ነው።

ሁለተኛ፣ በታንዛኒያ አድነውና ሥር ቆፍረው የሚኖሩት ሀድዛዎች ከቢሮ ሠራተኛ እጅግ የበለጠ ይራመዳሉ። በ2012 በታተመው ልኬት ግን በቀን የሚያቃጥሉት ካሎሪ በሰውነታቸው መጠን ሲሰላ ከምዕራባውያን ብዙም አይለይም። እንቅስቃሴ ለልብ፣ ለስኳር በሽታ መከላከያና ለስሜት ታላቅ ጥቅም አለው፤ ብቻውን ግን ውፍረትን አይፈታም።

ሦስተኛ፣ በ2021 ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሰውነት ኃይል አጠቃቀም፣ በሰውነት መጠን ሲሰላ፣ ሳይለወጥ እንደሚቆይ አሳየ። «35 ዓመቴ ነው፣ ሰውነቴ ማቃጠል አቆመ» የሚለው ምክንያት አይጸናም። የተለወጠው አብዛኛውን ጊዜ አኗኗራችን ነው።

በ2019 ደግሞ 20 ሰዎች ለአንድ ወር በተመራማሪዎች ክትትል ሥር ተቀመጡ። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ያልተቀነባበረ ምግብ እንደልባቸው በሉ። የሁለቱ ማዕዶች ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባትና ጨው በአቀራረቡ እኩል ነበር። በፋብሪካው ምግብ ሳምንታት ግን በቀን 500 ያህል ካሎሪ ጨምረው በሉ። ምን ያህል እንደምንበላ የሚወስነው የምንበላው ዓይነትም ነው ማለት ነው።

◾ ወደ ማዕዳችን ስንመለስ

ኢትዮጵያም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች። በ1960ዎቹ በስዊድን እገዛ አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው የሕፃናት ሥነ ምግብ ተቋም የአገራችንን ምግቦች ይዘት በሠንጠረዥ አውጥቷል፤ ብዙዎቻችን ያደግንበትን ፋፋም ያበረከተው እሱ ነው። የአገራችን የምግብ ድህነት መስመርም ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ተብሎ ተሠርቷል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ቤት ቁጥሩን ለመሙላት ይለፋል፣ ሌላው ቤት ለመቀነስ ይለፋል።

ይህ ድርብ ኑሮ በአነጋገራችንም አለ። ያገኘነውን ሰው «ወፈርክ፣ አማረብህ» ብለን እናመሰግናለን፤ «ምነው ከሳህ?» ስንል አዝነን ነው። እህል ባጠረበት ዘመን ውፍረት የድሎት ምስክር ነበርና አይፈረድብንም። ዛሬ ግን ዘይቱ በጀሪካን፣ ስኳሩ በኪሎ ቤት ይገባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል ነው። በቀን አምስት ሲኒ ሻይ ሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር አድርጎ የሚጠጣ ሰው ከሻይ ብቻ 240 ያህል ያገኛል። ማንም ሰው እነዚህን «በላሁ» ብሎ አይቆጥራቸውም።

ረመዷንም ከዚህ ጋር ይያያዛል። ጥናቶችን አንድ ላይ ያዩ ተመራማሪዎች በወሩ ውስጥ ጿሚው በአማካይ አንድ ኪሎ አካባቢ እንደሚቀንስ፣ አብዛኛው ግን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደሚመለስ አግኝተዋል። ጾሙ ዓላማው ሌላ ነው። ለጤናም እንዲጠቅም ከፈለግን ግን ጥያቄው ያለው በኢፍጣር ሳህን ላይ ነው፦ ስንት ሳምቡሳ፣ ስንት ብርጭቆ ጣፋጭ ጭማቂ?

◾ ለራሳችን ምን እንውሰድ?

ከዚህ ታሪክ አምስት ነገሮች ይዘን እንወጣ።

1. ቀመሩን እንደ መነሻ ግምት እንጠቀምበት። ሁለት ሦስት ሳምንት ሚዛኑን አይተን እናስተካክለው።

2. መቀነስ ከፈለግን ከሚያስፈልገን ላይ ከ300 እስከ 500 ካሎሪ ብቻ እንቀንስ። ተኝተን ከሚያስፈልገን በታች አንውረድ።

3. መጀመሪያ ከማይጠግበው እንጀምር፦ ከሻይ ስኳር፣ ከለስላሳ፣ ከመጥበሻ ዘይት። ምስር፣ ሽሮና ጎመን ለመቀነስ የመጨረሻዎቹ ይሁኑ። የአትዋተርን ስሕተት አንድገም።

4. ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ የስኳርና የኩላሊት ሕመምተኛ፣ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ምክር ምግብ አይቀንስ። ምን እንደያዘ የማይታወቅ እንክብልና ሻይ ለማንም አይሁን።

5. የኢብን ቡጥላንን ስድስት ነገሮች እናስታውስ። እንቅልፍ ያጣ፣ የተጨነቀና ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ማዕዱን ብቻ በማስተካከል አይድንም። ያለ ቁጥር የጻፉት ሐኪሞች ይህን አይተውት ነበር።

ካሎሪ እውነተኛ መለኪያ ነው። በበረዶ፣ በሣጥንና በተራቡ ወጣቶች ገላ ተፈትኗል። ረሃብን ለማወቅና ለማስታገስ ወደ ማዕድ የገባ ቁጥር ነውና ራሳችንን በረሃብ ለመቅጣት አንጠቀምበት። በቤታችሁ ከውፍረት ጋር የምትታገል እናት፣ እህት ወይም ወንድም ካለ «ሆዳም» ከማለት በፊት ይህን ታሪክ አንብቡላቸው።

አላህ ጤናውንም ልከኝነቱንም ይስጠን። ጽሑፉ ይጠቅማል ብላችሁ ካሰባችሁ ለሌሎች አድርሱት፤ ሐሳባችሁንም ከታች ጻፉልን።